በሦስተኛው ቀን የተጣለ መድኃኒት

በአገራችን ልማድ አንድ ሰው ሲያስነጥስ አጠገቡ ያለው «ይማርህ» ይለዋል፤ ያስነጠሰውም «ያኑርህ» ብሎ ይመልሳል። ይህ የመልካም ምኞት ልውውጥ ለአንድና ለሁለት ማስነጠስ የሚበቃ ነው። ነገር ግን ሰውዬው ዐሥር ጊዜ፥ ዐሥራ አምስት ጊዜ እያከታተለ ሲያስነጥስ፥ ዓይኑ ሲያለቅስ፥ አፍንጫው እንደ ምንጭ ሲወርድ፥ መራቂው ይደክመውና ምርቃቱን ትቶ ወደ ምክር ይሸጋገራል። አንዱ «ብርድ መትቶህ ነው» ይላል፤ ሁለተኛው «ሳይነስ ነው» ይላል፤ ሦስተኛው ጤና አዳም ቀጥፎ ያቀርባል። ምክሩ ይበዛል፤ በሽታው ግን በቦታው ይቈያል።

በዛሬው ዓምዳችን የምንነጋገረው ስለዚሁ በሽታ፥ ማለት ስለ አፍንጫ አለርጂና ለእርሱ ስለሚታዘዘው የአፍንጫ ርጭት ነው። ይህን ጉዳይ የመረጥሁት በመጽሐፍ ስላነበብሁት ብቻ አይደለም፤ በገዛ ቤቴ ስሕተት ሠርቼ ስለ ተማርሁበት ነው። ስሕተትን መናገር ለተናጋሪው ክብር ባይሆንም ለሰሚው ጥቅም ይሆናልና፥ እነሆ እንደ ሆነው አድርጌ እነግራችኋለሁ።

የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጃችን ባለፈው ዓመት መስከረም፥ ትምህርት ቤት በተከፈተ ሰሞን፥ ጧት ጧት ከመኝታዋ ስትነሣ ማስነጠስ ጀመረች። አፍንጫዋን ስለሚያሳክካት በመዳፏ ወደ ላይ እየገፋች ታሸዋለች፤ ከማሸትዋም ብዛት የተነሣ በአፍንጫዋ ላይ አግድም መሥመር ወጣ። ሌሊት አፏን ከፍታ እያንኰራፋች ታድራለች፤ ቀን ከዓይኗ በታች ይጠቍራል። ብዙ ሳይቈይ አስተማሪዋ «ልጅቱ በክፍል ውስጥ ታንቀላፋለች፤ ማታ በጊዜ ትተኛ ዘንድ አሳስቡልን» የሚል ማስታወሻ ላከችልን። እኔም ነገሩን ሳልመረምር «ማታ ምን ስትሠሪ ታመሻለሽ?» ብዬ ተቈጣኋት። ልጅቱ ግን «አባዬ፥ እኔስ በጊዜ እተኛለሁ፤ እንቅልፉ ነው እምቢ የሚለኝ» አለችኝ። በዚህ ጊዜ ማፈሬን አልደብቅም።

ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ሐኪሙ ከመረመሯት በኋላ በትንሽ ጠርሙስ ያለ የአፍንጫ ርጭት አዘዙላትና «በየቀኑ ጧት በእያንዳንዱ የአፍንጫ ቀዳዳ አንድ አንድ ጊዜ ይረጭላት፤ ከአንድ ወር በኋላ ተመለሱ» አሉን። በመጀመሪያው ቀን ለውጥ አላየንም። በሁለተኛውም ቀን አላየንም። በሦስተኛው ቀን እናቷ በሣጥኑ ውስጥ የተጣጠፈውን ወረቀት ዘርግታ ስታነብ «ስቴሮይድ» ከሚለው ቃል ደረሰች። «ይህ እኮ ሰውነት የሚያሳብጠው መድኃኒት ነው! ደግሞስ እስካሁን ምን ጠቀማት?» አለች። እኔም የምመልሰው አልነበረኝምና ጠርሙሱ በመሳቢያ ውስጥ ተጣለ።

በዚያው ሳምንት አንዲት መልካም ጎረቤታችን የራስዋን የአፍንጫ ጠብታ አመጣችልን። ጠብታው በገባ በአምስት ደቂቃ የልጅቱ አፍንጫ ተከፈተ። «መድኃኒት ማለት እንዲህ ነው!» ብለን አመሰገንን። ሆኖም ሁለተኛው ሳምንት ሲጋመስ ጠብታው በገባ በጥቂት ሰዓት ውስጥ አፍንጫዋ ከፊተኛው ይልቅ ይደፈን ጀመር። ሌሊት ሁለት ጊዜ እየተነሣች «ጠብታውን ስጡኝ» ትል ነበር። በመጨረሻ ወደ ሐኪሙ ተመለስን።

ሐኪሙ የጠየቁን ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው። «ርጭቱን ስንት ቀን ወሰደች?»

«ሦስት ቀን።»

«ጠብታውንስ?»

«ዐሥራ ስድስት ቀን።»

ጥቂት ዝም ብለው ከቈዩ በኋላ «እንግዲያውስ የሚረዳትን ሦስት ቀን፥ የሚጎዳትን ዐሥራ ስድስት ቀን ሰጥታችኋታል ማለት ነው» አሉን። ቀጥለውም ወደ እኔ ዘወር ብለው «እርስዎ ሥራዎ ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። የመዝገብ ቤት ኀላፊ መሆኔን ነገርኋቸው። «እንዲህ ከሆነ ነገሩ ለእርስዎ አይከብድዎትም» ብለው ማስረዳት ጀመሩ። ከእርሳቸው የሰማሁትን፥ በኋላም ራሴ ፈልጌ ያገኘሁትን አንድ ላይ አድርጌ እጽፋለሁ።

አስቀድሞ ስለ በሽታው መናገር ይገባል። «አለርጂ» የሚለውን ቃል እ.ኤ.አ. በ1906 የፈጠሩት ክሌመንስ ፎን ፒርኬ የተባሉ የቪየና የሕፃናት ሐኪም ናቸው። አለርጂ ማለት ሰውነት ጠላት ያልሆነውን ነገር እንደ ጠላት ቈጥሮ ጦር ሲያነሣበት የሚደርስ ሕመም ነው። ለአፍንጫ አለርጂ መነሻ ከሚሆኑት ነገሮች መካከል የሣርና የዛፍ ብናኝ፥ በፍራሽና በምንጣፍ ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ የአቧራ ተባዮች፥ ሻጋታ፥ በረሮ፥ እንዲሁም ከድመትና ከሌሎች የቤት እንስሳት የሚረግፈው ቅንጣት ይገኙበታል። ብናኝ ማለት እንደ ዱቄት ደቅቆ በነፋስ የሚበተን ነገር ሲሆን፥ እዚህ ላይ የምንናገረው ዕፀዋት ለመራባት ስለሚያወጡት ዱቄት ነው። እ.ኤ.አ. በ1873 ቻርልስ ብላክሊ የተባሉ የማንቸስተር ሐኪም፥ ራሳቸውም በዚሁ በሽታ የሚሠቃዩ ሲሆኑ፥ የሣርን ብናኝ በገዛ አካላቸው ላይ እየሞከሩ መንሥኤው እርሱ መሆኑን በመጽሐፍ አስታወቁ።

በዚህ አጋጣሚ ስለ አደይ አበባ አንድ ቃል መመስከር ይገባናል። መስከረም ጠብቶ ሜዳው ቢጫ ሲለብስ ብዙ ሰው ማስነጠሱን በአደይ አበባ ያመካኛል። ነገር ግን እንዲህ ያሉ ደማቅ አበቦች ብናኛቸውን የሚልኩት በንብና በሌሎች ነፍሳት አማካይነት ነው፤ ብናኛቸውም ከባድና የሚጣበቅ ስለ ሆነ በነፋስ ሩቅ አይሄድም። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው በአጠገቡ የሚያብበው፥ አበባ እንዳለውም ማንም የማያስተውለው ሣር ነው። አደይ አበባ መልኩ ስለሚታይ ብቻ በሌላው ጥፋት ይከሰሳል።

አለርጂ ያለበት ሰው ሰውነት ለሚቈጣበት ነገር ኢሚኖግሎቡሊን ኢ የሚባል ልዩ ፕሮቲን ያዘጋጃል። ይህ ፕሮቲን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የታወቀው በሁለት አገር በተደረገ ምርምር ነው፤ ይኸውም ኪሚሺጌና ቴሩኮ ኢሺዛካ የተባሉ ጃፓናውያን ባልና ሚስት በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ፥ ዮሃንሰንና ቤኒች የተባሉ ሊቃውንት ደግሞ በስዊድን ኡፕሳላ ከተማ ባደረጉት ጥናት ነው። ኢሚኖግሎቡሊን ኢ በአፍንጫ ውስጥ ማስት ሴል በሚባሉት ሴሎች ላይ ተተክሎ ይጠብቃል። ብናኙ ገብቶ ሲነካው ማስት ሴሉ በውስጡ ያከማቸውን ሂስታሚን ይረጫል። ወዲያውኑ በደቂቃዎች ውስጥ ማሳከክ፥ ማስነጠስና የአፍንጫ መውረድ ይጀምራል። ይህ የመጀመሪያው ምዕራፍ ነው።

ሁለተኛው ምዕራፍ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ የሚመጣ ነው። የተቈጡት ሴሎች በመልእክተኛ ፕሮቲኖች አማካይነት ረዳት ይጠራሉ፤ ጥሪውንም ሰምተው ኢዮሲኖፊል የሚባሉ የደም ሴሎች ከደም ሥር እየወጡ በአፍንጫው ሥጋ ውስጥ ይሰበሰባሉ። ሥጋው ያብጣል፤ መተንፈሻው ይጠብባል፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚያሠቃየው መደፈን ከዚህ ይመጣል። ሰውዬው በነጋታው እንደገና ብናኝ ሲያገኘው፥ አስቀድሞ የተቈጣው አፍንጫ በጥቂቱ እንኳ ይነሣሣል። እንግዲህ የአፍንጫ ርጭት በተለይ የሚዋጋው ይህን የተደራጀ ቍጣ ነው። እንዴት እንደሚዋጋው ለመረዳት ግን ወደ ሴሉ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል።

ሴል ማለት ሕያው አካል ሁሉ የተሠራበት፥ በዓይን የማይታይ ትንሽ ክፍል ነው። አንዱን ሴል እንደ አንድ መሥሪያ ቤት ብንቈጥረው፥ በመካከሉ አስኳል የሚባል መዝገብ ቤት አለው። በዚያ ውስጥ ከአባትና ከእናት የተወረሱ ፋይሎች ተደርድረዋል፤ ሊቃውንት ጂን ይሏቸዋል። ዋናው ፋይል ከመዝገብ ቤት አይወጣም። አንድ ሥራ እንዲሠራ ሲፈለግ ፋይሉ ይከፈትና ግልባጭ ይጻፋል። ለቋንቋችን አዲስ የሆኑ አንባቢዎች እንደሚያውቁት፥ ግልባጭ ማለት ከዋናው ጽሑፍ ተቀድቶ ለሚመለከተው ክፍል የሚላክ ወረቀት ነው። በሴሉም ውስጥ ግልባጩ ከአስኳሉ ወጥቶ ወደ ሥራው ክፍል ይሄዳል፤ በዚያም እንደ ተጻፈው ፕሮቲን ይሠራል። ፕሮቲን ስንል በሥጋና በባቄላ የምናውቀውን ምግብ ብቻ ማለታችን አይደለም፤ የሴሉ መሣሪያ፥ መልእክተኛ፥ ጠባቂና ግንብ አብዛኛው ከፕሮቲን የተሠራ ነው።

በአለርጂ በተያዘ አፍንጫ ውስጥ ኤንኤፍ ካፓ ቢ የሚባል አንድ ፕሮቲን አለ፤ እርሱን እንደ አስቸኳይ ጉዳይ ጸሐፊ እንቍጠረው። ይህ ጸሐፊ ቍጣ በተነሣ ጊዜ ወደ መዝገብ ቤቱ ገብቶ የጦርነትን ፋይሎች ያስከፍታል። ከዚያ በኋላ ግልባጭ በግልባጭ ላይ ይጻፋል። ኢንተርሉኪን የሚባሉት መልእክተኞች፥ በተለይም 4ኛው፥ 5ኛውና 13ኛው ይበዛሉ፤ ኢዮሲኖፊልን የሚጠራው ኢዮታክሲን ይሠራል፤ በደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ደግሞ በደም የሚያልፉትን ሴሎች ይዘው የሚያስቀሩ እንደ ሜንጦ ያሉ ፕሮቲኖች ይተከላሉ። ይህን ሁሉ የሚያዝዘው ኤንኤፍ ካፓ ቢ ብቻ ባይሆንም፥ ከዋናዎቹ አዛዦች አንዱ እርሱ ነው።

አሁን ርጭቱ ይግባ። በርጭቱ ውስጥ ያለው ስቴሮይድ ከስብ ወገን ስለ ሆነ በሴሉ ሽፋን ውስጥ ያለ ችግር ያልፋል። በውስጥ ግሉኮኮርቲኮይድ ተቀባይ የሚባል ፕሮቲን፥ ረዳቶች ይዘውት፥ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። የዚህ ተቀባይ ጂን በአሜሪካ በሮናልድ ኢቫንስና በባልደረቦቻቸው እጅ ተለይቶ የተነበበው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። ስቴሮይዱ ከተቀባዩ ጋር በተገናኘ ጊዜ ረዳቶቹ ይለቁታል፤ ሁለቱም አንድ ላይ ሆነው ወደ መዝገብ ቤቱ ይገባሉ። በዚያም ሁለት ሥራ ይሠራሉ።

የመጀመሪያው ሥራ መዝጋት ነው። ያን አስቸኳይ ጉዳይ ጸሐፊ እጁን ይይዙታል፤ የተከፈቱትንም የጦርነት ፋይሎች መልሰው የሚጠቀልል ኢንዛይም ያስመጣሉ። ስለዚህ ለኢንተርሉኪን፥ ለኢዮታክሲንና ለሜንጦዎቹ የሚጻፈው አዲስ ግልባጭ ይቀንሳል። ሁለተኛው ሥራ መክፈት ነው። ቍጣን የሚያበርዱ ፋይሎች እንዲከፈቱ ያዝዛሉ፤ ከነዚህም አንዱ አኔክሲን 1 የሚባለውን ፕሮቲን ያሠራል፤ እርሱም እብጠትንና ሕመምን የሚያመጡ ቅመሞች ከሴሉ ሽፋን እንዳይወጡ ያግዳል። ሌላው ደግሞ አይ ካፓ ቢ የሚባለውን፥ ኤንኤፍ ካፓ ቢን አስሮ ከመዝገብ ቤቱ ውጭ የሚያቈይ ጠባቂ ያሠራል።

«እንግዲህ» አሉ ሐኪሙ፥ «አዲስ ሹም ዛሬ ጧት ተሾሞ አዲስ ትእዛዝ ቢሰጥ፥ ትናንት ተጽፈው የወጡት ደብዳቤዎች ምን ይሆናሉ?»

«በየመሥሪያ ቤቱ ደርሰው ሲሠራባቸው ይቈያሉ» አልኋቸው።

«ልክ ነው። በሴሉም ውስጥ እንዲሁ ነው። ርጭቱ አዲስ ትእዛዝ ይሰጣል እንጂ ትናንት የተሠራውን ፕሮቲን አያቃጥለውም፤ ትናንት የተሰበሰቡትንም ሴሎች ጠርጎ አያወጣቸውም። አሮጌው እስኪያልቅ፥ አዲሱም እስኪሠራ ቀን ያስፈልጋል።»

ነገሩ ሁሉ የተገለጠልኝ በዚህ ጊዜ ነው። ርጭቱ በአንዳንድ ሰው ላይ በመጀመሪያው ቀን ጥቂት እፎይታ ቢሰጥም፥ ሙሉ ጥቅሙ የሚታየው በየቀኑ ሳይቋረጥ ሲወሰድ ከብዙ ቀን በኋላ፥ አንዳንዴም እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ ቈይቶ ነው። እኛ በሦስተኛው ቀን የጣልነው እንግዲህ የማይሠራ መድኃኒት አልነበረም፤ ሥራውን ገና የጀመረ መድኃኒት ነበር።

ጠብታው ግን ከዚህ የተለየ ጠባይ አለው። እንደ ኦክሲሜታዞሊንና እንደ ዛይሎሜታዞሊን ያሉት ጠብታዎች ወደ መዝገብ ቤቱ አይገቡም፤ ከውጭ ሆነው በአፍንጫ ውስጥ ያሉትን የደም ሥሮች ብቻ ጨብጠው ይይዛሉ። ሥሩ ሲጠብብ እብጠቱ ወዲያው ይቀንሳል፤ ቍጣው ግን በውስጡ እንደ ነደደ ነው። ጭብጡ ሲላላ ሥሮቹ ከፊተኛው ይልቅ ይነፋሉ፤ ሰውዬውም እንደገና ጠብታውን ይሻል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ጠብታ ከሦስት እስከ አምስት ቀን በላይ መውሰድ አይገባም፤ ለልጆች ደግሞ ሐኪም ሳያዝዝ መስጠት ፈጽሞ አይገባም። ከጎረቤት የተገኘ መድኃኒት፥ ምንም እንኳ በፍቅር ቢሰጥ፥ መድኃኒት ነውና ሐኪምን ይሻል።

በዚህ ላይ ስለ አፍንጫው ግንብ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። የአፍንጫን ውስጥ የሚያለብሱት ሴሎች እንደ ግንብ ድንጋይ ተጠጋግተው የቆሙ ናቸው፤ በመካከላቸውም እንደ ጭቃ ሆነው የሚያያይዟቸው ፕሮቲኖች አሉ፤ ኦክሉዲንና ዞና ኦክሉደንስ 1 ከነዚህ ውስጥ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 የቤልጂየም የሉቨን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፥ በአቧራ ተባይ ምክንያት የአፍንጫ አለርጂ ካላቸው ሰዎች የተወሰዱት ሴሎች እነዚህ ፕሮቲኖች ጎድለውባቸው ግንቡ የሚያሳልፍ ሆኖ ተገኘ። ሴሎቹ ፍሉቲካዞን በሚባለው ስቴሮይድ በታከሙ ጊዜ ግን ግንቡ እንደገና ጠበቀ። እንግዲህ መድኃኒቱ ጦርነቱን ማብረድ ብቻ ሳይሆን፥ ብናኙና ተባዩ የሚገባበትን ስንጥቅም ለመድፈን ይረዳል ለማለት ይቻላል። ግንብ ደግሞ፥ ቤት ያሠራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ በአንድ ጀንበር አይቆምም።

የልጄ እናት የፈራችው ነገር ግን ያለ ምክንያት እንዳልሆነ መናገር ፍትሕ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ፊሊፕ ሄንች የተባሉ ሐኪም በአሜሪካ በማዮ ክሊኒክ፥ ከኩላሊት በላይ ካለው ዕጢ የሚገኘውን ኮርቲዞን ለአንዲት በመገጣጠሚያ ሕመም ለምትሠቃይ በሽተኛ ሰጡ፤ ውጤቱም ዓለምን አስደነቀ። እርሳቸውም፥ ኤድዋርድ ኬንዳልና ታዴዎሽ ራይሽታይንም እ.ኤ.አ. በ1950 የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። ሆኖም መድኃኒቱ በአፍና በመርፌ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ፊትን እንደሚያሳብጥ፥ አጥንትን እንደሚያሳሳ ብዙ ሳይቈይ ታወቀ። ሰው «ስቴሮይድ» ሲባል የሚደነግጠው በዚህ ምክንያት ነው።

በአፍንጫ የሚረጨው ግን መድኃኒቱን በሽታው ባለበት ቦታ ብቻ ለማኖር የተዘጋጀ ነው። ኒልስ ሚጊንድ የተባሉ የዴንማርክ ሐኪም ቤክሎሜታዞን በአፍንጫ ሲረጭ የሚሰጠውን ጥቅም እ.ኤ.አ. በ1973 አሳተሙ። ፍሉቲካዞን በተባለው የተለመደ ርጭት አንዱ ግፊት 50 ማይክሮግራም፥ ማለት የአንድ ሚሊግራም ሃያኛ እጅ ይይዛል፤ ከዚህም ውስጥ ወደ ደም የሚደርሰው ከመቶ ሁለት እጅ ያነሰ ነው። ይህ ማለት ግን ጥንቃቄ አያሻም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ ጥናት ከ6 እስከ 9 ዓመት ያሉ ልጆች ቤክሎሜታዞን በቀን ሁለት ጊዜ ለአንድ ዓመት ሲወስዱ በአማካይ 5.0 ሳንቲ ሜትር አደጉ፤ መድኃኒቱን ያልወሰዱት ደግሞ 5.9 ሳንቲ ሜትር አደጉ። በዚያው ዓመት በታተመ ሌላ ጥናት ሞሜታዞን በወሰዱ ልጆች ላይ እንዲህ ያለ መዘግየት አልታየም። ስለዚህ ለልጆች ሐኪም መድኃኒቱን መርጦ፥ በሚበቃው አነስተኛ መጠን አዝዞ፥ ቁመታቸውን በየጊዜው ይለካል።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። ኤችአይቪን ለመቈጣጠር ሪቶናቪር የሚባለውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይህን ለሐኪሙ ሳይናገር የስቴሮይድ ርጭት መጀመር የለበትም፤ ሪቶናቪር ጉበት ስቴሮይዱን እንዳያጠፋ ስለሚከለክል፥ ያ ጥቂቱ በደም ውስጥ እየተጠራቀመ ብዙ ጉዳት ያደርሳልና። ግላኮማ ወይም የዓይን ሞራ ያለበትም እንዲሁ ይንገር። አፍንጫው ደጋግሞ የሚነስረው፥ ከአንድ ወገን ብቻ ደም ወይም መግል የሚወጣው፥ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ የሚያፏጭበት ሰው ርጭቱን ብቻ ተማምኖ አይቀመጥ።

ስለ አረጫጨቱም ሐኪሙ በእጃቸው እያሳዩ አስተማሩን፤ የኛ ሁለተኛው ስሕተት በዚህ ላይ ነበርና። አስቀድሞ አፍንጫን በቀስታ መናፈጥ፤ ጠርሙሱን መነቅነቅ፤ ራስን ወደ ኋላ ሳይሆን ጥቂት ወደ ፊት ማዘንበል ያስፈልጋል። የቀኙን ቀዳዳ በግራ እጅ፥ የግራውን በቀኝ እጅ መርጨት ይሻላል፤ እንዲህ ሲሆን ጫፉ ወደ ውጭ፥ ወደዚያው ወገን ጆሮ አቅጣጫ ይመለከታልና። ሁለቱን ቀዳዳዎች በሚለየው መካከለኛ ግድግዳ ላይ ከተረጨ ያደርቀዋል፤ ነስርም ያመጣል። በሚረጭበት ጊዜ በዝግታ መተንፈስ ይበቃል፤ በኀይል ከተሳበ መድኃኒቱ ከአፍንጫ አልፎ ወደ ጕሮሮ ይወርዳል። እኛ የልጅቱን ራስ ወደ ኋላ አጋድመን ስለ ረጨንላት፥ በነዚያ ሦስት ቀናት ከተሰጣት መድኃኒት የሚበዛውን ሳትውጠው አልቀረችም።

ወደ ቤታችን ተመልሰን ጠብታውን ለባለቤቷ ከምስጋና ጋር መለስን፤ ጠርሙሱንም ከመሳቢያ አወጣን። የመጀመሪያዎቹ አራት ሌሊቶች ቀላል አልነበሩም። ልጅቱ ጠብታውን እየለመነች ታለቅስ ነበር፤ እናቷም አፍንጫዋን በንጹሕ የጨው ውሃ እያጠበች አጠገቧ ታድር ነበር። ፍራሹን ፀሐይ ላይ አሰጣነው፤ አንሶላውን በየሳምንቱ በሙቅ ውሃ ማጠብ ጀመርን። እኔም እንደ መዝገብ ቤት ልማዴ በግድግዳ ላይ ወረቀት ለጥፌ፥ ጧት ርጭቱ በተረጨ ቍጥር ቀኑን እጽፍበት ነበር።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ጧት ቍርስ ላይ ተቀምጠን ሳለ አንድ ነገር የጎደለ መሰለኝ። ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ጥቂት ቈየሁ። ከተነሣን ጀምሮ ማንም «ይማርሽ» አላለም ነበር። ልጅቱ አፏን ዘግታ በአፍንጫዋ እየተነፈሰች ዳቦዋን ትበላለች። በወሩ መጨረሻ አስተማሪዋ ሌላ ማስታወሻ ላከችልን፤ በዚህኛው ውስጥ የተጻፈው ስለ ማንቀላፋት ሳይሆን ስለ ሒሳብ ነጥቧ ነበር።

ክቡራን አንባቢዎቻችን፥ ይህ መድኃኒት አለርጂን ከሥሩ ነቅሎ የሚያጠፋ አይደለም፤ ትእዛዙ ሲቋረጥ የተዘጉት ፋይሎች እንደገና ሊከፈቱ ይችላሉ። ስለዚህ መቼ እንደሚቀነስና መቼ እንደሚቆም ሐኪም ይወስን። ከእናንተ የሚፈለገው ግን ቀላል ነው፤ ይኸውም በየቀኑ መርጨትና ቀኑን መቍጠር ነው። ሐኪሙ የነገረን ቀን ሳይደርስ መድኃኒቱን «አልሠራም» ብለን ብንጥለው፥ ነገሩ ገና በመዝገብ ቤት ሲታይ ሳለ ፋይሉን ነጥቆ እንደ መውሰድ ይቈጠራል። ፈሪም ሆነ ተጠራጣሪ የሆነ ወላጅ ጥያቄውን ወደ ሐኪም ይውሰድ እንጂ ጠርሙሱን ወደ መሳቢያ አይውሰድ። እኛ የወሰድንበት ቀን ልጃችንን ሁለት ሳምንት የሚያህል እንቅልፍ አስከፍሏታል።